ተፈናቃይ የሳለው ስዕል የማን ነው? (የማብራሪያ ቪዲዮ ስክሪፕት)

[ምስል፦ ከደሴ ወደ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ፣ ከዛ ነጭ ወረቀትና ከለር]

ሰላም ወገኖቼ፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ የማወራው ተፈናቃዮችን ስዕል እያሳሉ፣ ፎቶ እያስነሱ፣ ድራማ እያሰሩ ስለሚጠና ጥናት ነው፣ የማወራውም ጥናቱን ለምትሰሩት ነው። ለኛ ወሎ ላለን ሰዎች ሩቅ ጉዳይ አይደለም፣ ከወለጋ የተፈናቀሉት ሐይቅ አካባቢና ጃሪ መጠለያ አሉ፣ በጦርነቱ ጊዜ ደሞ እኛው ራሳችን ነን ከቆቦና ከወልዲያ ወደ ደሴ፣ በ2014 ደሴ ስትያዝ ደሞ ወደ ደብረ ብርሃን የሸሸነው።

ዘዴው መጥፎ ስለሆነ አይደለም ይሄን ቪዲዮ የምሰራው፣ እንደውም በጣም ነው የምወደው። ፎቶቮይስ የሚባለውን እዩ፣ በፈረንጆቹ 1990ዎቹ ካሮላይን ዋንግና ሜሪ አን በሪስ የሚባሉ ተመራማሪዎች ቻይና ዩናን ውስጥ ለገጠር ሴቶች ካሜራ ሰጥተው ኑሯቸውን ራሳቸው እንዲያሳዩ አደረጉ። ቦዲ ማፒንግ ደሞ አለ፣ ሰውየው ትልቅ ወረቀት ላይ ይተኛል፣ ዙሪያው ይሰመራል፣ ከዛ ውስጡን ራሱ ይሞላዋል። ይሄ በፈረንጆቹ 2002 ኬፕታውን ኤችአይቪ በደማቸው ካለባቸው ሴቶች ጋር ነው የተሰራበት።

[ምስል፦ እጅ ብቻ፣ ፊት አይታይም]

ግን ጥንካሬው ራሱ ነው አደጋው። መጠይቅ ስትጠይቁኝ "አልሃምዱሊላህ ደህና ነኝ" ብዬ አልፋችኋለሁ፣ ከለር ስትሰጡኝ ግን እጄ አፌ ያልደፈረው ቦታ ይሄዳል። ስለዚህ "የተፈናቀላችሁበትን ቀን ሳሉ" ብሎ መጀመር አይገባም፣ በቃ አይገባም። "አገራችሁን ሳሉ" እንኳን ቀላል ጥያቄ አይደለም፣ ምክንያቱም በ77ቱ ድርቅ ከወሎ ወለጋ ሄዶ የሰፈረ ሰው ልጅ ዛሬ ወሎ መጠለያ ውስጥ ነው፣ አገሬ የሚለው የቱን ይሆን? ምን እንደሚሳል እነሱ ይምረጡ። ደሞ አንዷ መሀል ላይ እንባ ቢቀድማት የምትልኩበት ባለሙያ ማን እንደሆነ ወረቀቱን ሳታድሉ በፊት እወቁ።

አሁን ወደ ፈቃድ ልምጣ፣ እኔን የሚያንገበግበኝ እዚህ ጋ ነው። ተፈናቃይ ሰው ስሙ ተጽፎ አሻራ ሲያደርግ የለመደው ስንዴና ዘይት ሲወስድ ነው። እናንተ ፎርም ይዛችሁ መጥታችሁ፣ የካምፕ ኮሚቴው አጠገባችሁ ቆሞ "እዚህ ጋ አሻራ" ስትሉ እናትየዋ እምቢ ብል ከእርዳታ እሰረዛለሁ ብላ ብታስብ ምን ይገርማል? ወሎዬ ደሞ እንግዳን አያሳፍርም፣ "አብሽር ልጄ፣ እሺ" ትላችኋለች፣ ያ እሺታ ግን ፈቃድ ላይሆን ይችላል። ኮሚቴው ይራቅ፣ ከእርዳታ ጋር ግንኙነት እንደሌለው በግልጽ ይነገር፣ ፈቃዱ በቃል ይሁንና በየቀኑ እንደገና ይጠየቅ፣ ሳይናገሩ የቀሩትንም አትፈልጓቸው። የቀን ስራ ትተው ለሚመጡትም የጊዜያቸው ይከፈል፣ መሀል ላይ ያቋረጠም ሙሉውን ያግኝ፣ ካልሆነ ለብሩ ሲሉ ነው የሚቆዩት።

ሌላ ብዙ ሰው የሚዘለው ነገር፣ ሰውና እንስሳ መሳል ሃይማኖቴ አይፈቅድም የሚል ሙስሊም ወገን አለ፣ ፎቶ የማትፈልግም አለች። ታዲያ የግድ ከለር ነው እንዴ? በአለላ ስፌት የምትሰፋ ሴት አለች፣ እንጉርጉሮ የምትችል አለች፣ የቤቷን ግቢ ንድፍ ብቻ የምታሰምር አለች። እነ ባቲና አምባሰል ቅኝት በስማቸው የሚጠራ አገር ላይ ቁጭ ብለን ጥበብ ከውጭ የሚመጣ ማርከር ብቻ ነው ብንል ያሳዝናል።

[ምስል፦ የስልክ ስክሪን፣ የቦታ መረጃ የሚለው ሴቲንግ]

ስዕሉስ ካለቀ በኋላ? በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የአመንጪው፣ ማለትም የሳለው ሰው ነው፣ ለዛ ደሞ መመዝገብ አያስፈልግም። ስለዚህ ስዕሉ የተመራማሪው ንብረት አይደለም፣ የመመረቂያ ጽሑፋችሁ ሽፋን ላይ ልታወጡት ከፈለጋችሁ ለብቻው ትጠይቃላችሁ። ዋናው ስዕል ለሳለችው፣ ኮፒው ለናንተ። ስሟ ይጻፍ አይጻፍ የሚለውንም ራሷ ትወስን፣ አንዳንዷ በስሜ ይውጣልኝ ትላለች፣ መብቷ ነው፣ ግን የሸሸችው ሰው ቢያየው ምን እንደሚያስከትል አብራችሁ ተወያዩበት። በስልክ ያነሳችሁት ፎቶ ውስጥ የቦታው ጂፒኤስ ሊቀመጥ ይችላል፣ ፎቶውን ለማንም ከመላካችሁ በፊት የቦታ መረጃውን አጥፉት፣ በቴሌግራም ግሩፕ መላክ ምናምን ደሞ ጭራሽ አይታሰብም። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷል፣ ቁጥር 1321/2016፣ አንብቡት። የልጆች ስዕል ከሆነ የወላጅ ፈቃድ ብቻ አይበቃም፣ ልጁም እሺ ማለት አለበት።

ኤግዚቢሽን ካሰባችሁ ደሴ አዳራሽ ላይ ባለስልጣን ከመጋበዛችሁ በፊት እዛው መጠለያው ውስጥ ለባለቤቶቹ አሳዩዋቸው፣ ከስር የጻፋችሁትንም ማብራሪያ አንብቡላቸው፣ "እንዲህ አላልኩም" ካሉ ይስተካከል። "ይሄኛው አይውጣብኝ" ያለች ካለች ምክንያት አትጠይቋት፣ ከኤግዚቢሽኑ አንሱት። ከታተመ በኋላ ግን መመለስ ስለማይቻል እስከ መቼ ሀሳባቸውን መቀየር እንደሚችሉ ቀኑን ቆርጣችሁ ገና በመጀመሪያው ቀን ንገሯቸው፣ ቀኑ ሊደርስ ሲልም ሄዳችሁ አስታውሷቸው።