ታሪፉ አልጨመረም፣ ሒሳቡ ጨመረ፦ የሞንጎመሪ ካውንቲ የታክስ ጣሪያ እና ተወዳዳሪዎቹ

ሰላም ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። ዛሬ ስለ ሜሪላንዷ ሞንጎመሪ ካውንቲ ፕሮፐርቲ ታክስ፣ በየዓመቱ ስለምንከፍለው የቤት ግብር ነው የማወራው... ቆይ አትውጡ፣ አትውጡ! አውቃለሁ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ርዕስ ነው፣ ግን ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ዊተን፣ ጀርመንታውን ቤት ገዝታችሁ "ሞርጌጄ ለምን ዘለለ" እያላችሁ የምትጠይቁኝ እናንተው ናችሁ። ብዙ ጊዜ የሚዘለው ሞርጌጁ አይደለም፣ ውስጡ ያለው ታክስ ነው፣ ባንኩ በኤስክሮ፣ ማለትም በየወሩ ከሞርጌጁ ጋር እየሰበሰበ ስለሚከፍልላችሁ አታዩትም እንጂ።

ታዲያ ምርጫ ሲመጣ ተወዳዳሪዎቹ ይመጣሉ። አንዱ "የታክሱ ጣሪያ ይከበር" ይላል፣ እናጨበጭባለን። ሌላው "ትምህርት ቤቶቻችን ገንዘብ ይፈልጋሉ" ይላል፣ ለሱም እናጨበጭባለን። ጣሪያው የምን ጣሪያ ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

እሺ፣ አዲስ አበባ እንሂድ። ሚኒባስ ታክሲ፣ ሰማያዊና ነጩ፣ ወያላው በር ላይ ተንጠልጥሎ "ሜክሲኮ ሜክሲኮ" የሚለው። አሁን ሁለት ዓይነት ሕግ አስቡ። አንደኛው ሕግ ወያላውን እንዲህ ይለዋል፣ "በቀን የምትሰበስበው ጠቅላላ ብር አምና ከሰበሰብከው በኑሮ ውድነቱ ልክ ብቻ ነው የሚጨምረው።" ስለዚህ ሰዉ ሁሉ ዘንድሮ ራቅ ራቅ ብሎ መውረድ ቢጀምር ወያላው የኪሎሜትሩን ዋጋ መቀነስ አለበት፣ አለዚያ ከጣሪያው ያልፋል። ሁለተኛው ሕግ ደግሞ "የሰበሰብከውን ሰብስብ፣ የኪሎሜትሩን ታሪፍ ግን እንዳትነካ" ይለዋል። እዚህ ላይ ሰዉ ራቅ ብሎ ከወረደ ወያላው ደስ ይለዋል። ታሪፉ ያው ነው፣ አንቺ ግን የምትከፍይው ጨምሯል፣ ለምን? መንገድሽ ረዝሟል። መንገዱ ማለት የቤትሽ ግምት ነው፣ አሴስመንቱ። ታሪፉ ደግሞ ሬቱ። ይቺን ምሳሌ በጣም ነው የምወዳት፣ ያዟት፣ እንመለስባታለን።

አሁን ቶሎ ቶሎ። ሞንጎመሪ በ1990 በቻርተሩ፣ በካውንቲው መተዳደሪያ ሕግ፣ የመጀመሪያውን ዓይነት ጣሪያ አስገባ፣ ጠቅላላ ገቢው ላይ። በ2008 ጣሪያውን ለማለፍ 9ኙም የካውንስል፣ የካውንቲው ምክር ቤት፣ አባላት ይስማሙ የሚል ተጨመረ፣ ሮቢን ፊከር የሚባሉ በወቅቱ ጠበቃ የነበሩ ሰው ለመራጩ ባቀረቡት ጥያቄ። (ፊከር እኮ ድሮ በዋሽንግተን ቡሌትስ የቅርጫት ኳስ ጨዋታ ከእንግዳው ቡድን ወንበር ጀርባ ተቀምጠው ተጫዋቾቹን በጩኸት የሚያሳብዱ ሰውዬ ናቸው፣ ታክስ ላይም ያው ናቸው!) በ2020 ለመራጩ ሁለት ጥያቄ ቀረበ፤ ኤ የካውንስሉ ነው፣ ጣሪያው ከገቢው ወርዶ ሬቱ ላይ ይሁን፣ ለመጨመር ግን ሁሉም ይስማሙ የሚል። ቢ የፊከር ነው፣ በስምምነትም ቢሆን አይታለፍ የሚል። ኤ አለፈ፣ ቢ ወደቀ። በዚያው ምርጫ ካውንስሉ 11 አባላት እንዲኖሩት ተወሰነ፣ ስለዚህ ዛሬ "ሁሉም" ማለት 11 ማለት ነው። አለቀ፣ ቴክኒኩ ይሄው ነው።

አሁን ወደ ቀጣዩ ልሄድ ነበር ግን አልቻልኩም፣ ምክንያቱም ባለፈው ይሄን ጉዳይ ጠቀስ ሳደርግ ግማሻችሁ አንድ ዓይነት ነገር ጻፋችሁልኝ፣ "ጣሪያ ካለ የኔ ቢል ለምን ጨመረ? ሕጉን ጥሰውታል!" አልጣሱትም። ጣሪያው የሬቱ ነው፣ የቢላችሁ አይደለም። ለሒሳብ እንዲመች ሬቱ 1 ፐርሰንት ነው እንበል፣ ቤታችሁ 500,000 ዶላር ተገመተ፣ 5,000 ከፈላችሁ። ግምቱ 550,000 ሲሆን ሬቱ ሳይነካ 5,500 ትከፍላላችሁ። ግምቱን የሚሠራው ደግሞ ካውንቲው አይደለም፣ የሜሪላንድ ስቴት ነው፣ በ3 ዓመት አንዴ፣ ጭማሪውንም ለ3 ዓመት ከፋፍሎ ነው የሚያስገባው። ስለዚህ ካውንስሉ ደጃፍ ሄዶ "ግምቴን ቀንሱ" ማለት ለሹፌሩ "መንገዱን አሳጥረው" እንደማለት ነው።

የናንተን ቢል ትንሽ የሚይዝላችሁ ሌላ ነገር ነው፣ ሆምስቴድ ክሬዲት ይባላል። ራሳችሁ የምትኖሩበት ቤት ከሆነ፣ ታክስ የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 ፐርሰንት በላይ አይጨምርም። ግን ማመልከት አለባችሁ! አንዴ ብቻ ነው፣ ነፃ ነው። ካውንቲው ራሱ ደግሞ ለሚኖሩበት ባለቤቶች ለዓመታት 692 ዶላር ሲቀንስበት የቆየ ክሬዲት አለው። አንዲት ጎረቤቴ ቤት ገዝታ ስንት ዓመት ሙሉ ፎርሙን ሳትሞላ፣ በየስብሰባው ስለ ታክስ ጣሪያ ከሁሉም በላይ የምትጮኸው ግን እሷ ናት። እወድሻለሁ፣ ግን ሙዪው!

ሌላም አለ፣ "የሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ ምን ይላል" ያላችሁኝ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከንቲባ የለውም። ከተማ ሆኖ አልተቋቋመም፣ የሚያስተዳድረው ካውንቲው ነው። ታኮማ ፓርክ ግን የራሱ ከንቲባም የራሱ ታክስም አለው፣ በከተማው ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ነዋሪም ይመርጣል፣ ግሪን ካርድ ይዛችሁ እዚያ ያላችሁ አትቀመጡ።

እሺ ተወዳዳሪዎቹ። በ2023 ኤግዚክዩቲቩ፣ ማለትም የካውንቲው የበላይ አስተዳዳሪ፣ ማርክ ኤልሪች በየ100 ዶላሩ ግምት 10 ሳንቲም ይጨመር አሉ፣ ለትምህርት ቤት። 500,000 በተገመተ ቤት ላይ በዓመት 500 ዶላር ነው። ካውንስሉ ወደ 4.7 ሳንቲም አወረደው፣ ያው ቤት 235 ዶላር። ያለፈው 7 ለ4 ነው። ቆይ... 11 ለ0 መሆን አልነበረበትም? እዚህ ጋ ነው ታክሲዬ የምትመለሰው። ወያላው ታሪፍ መጨመር ሲከለከል ምን ያደርጋል? መስመር ይቆርጣል! እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ይጭናል፣ ወርደሽ ሌላ ታክሲ ትሳፈሪያለሽ፣ ሁለቴ ትከፍያለሽ፣ ታሪፉን የነካው ሰው የለም። ካውንስሉም ለትምህርት ቤት ከሆነ የካውንቲ ጣሪያን ማለፍ የሚፈቅድ የ2012 የስቴት ሕግ አገኘ። ሕጋዊ ነው፣ ምንም አላልኩም። መስመር መቁረጥ ግን መስመር መቁረጥ ነው።

ለ2026ቱ የኤግዚክዩቲቭ ውድድር ከገቡት ውስጥ ሦስቱ በዚያ ድምፅ ላይ ነበሩ። አንድሩ ፍሪድሰን፣ የ2020ውን ኤ ያመጡት እሳቸው ናቸው፣ በ2023 ተቃወሙ፣ ቢያንስ መስመራቸው አንድ ነው። ዊል ጃዋንዶ እና በወቅቱ የካውንስሉ ፕሬዚዳንት የነበሩት ኢቫን ግላስ ደገፉ፣ ለትምህርት ቤቶቹ ብለው። እኔ በግሌ ልጆቼ እዚያው ስለሚማሩ 235ቱን ከፍዬ አላኮረፍኩም፣ ያናደደኝ "ጣሪያ አለን" እየተባለ በጎን በር መኬዱ ነው። ስለዚህ እንጀራችንን ሊበሉ ሲመጡ "ጣሪያውን ይደግፋሉ?" አትበሏቸው፣ ሁሉም አዎ ነው የሚሉት። "ያንን የ2012 ሕግ እንደገና ይጠቀሙበታል ወይ?" በሏቸውና ፊታቸውን እዩ።

"የኔ ድምፅ ምን ይሠራል" የምትለው ወንድሜ፣ ኤልሪች የ2022ቱን ፕራይመሪ፣ የፓርቲው እጩ የሚመረጥበትን፣ ያሸነፉት በ32 ድምፅ ነው። 32! በሕጋዊ አጫጫን ሦስት ሚኒባስ አይሞላም።

በሚቀጥለው ቪዲዮ የሆምስቴዱን ፎርም ስክሪን ላይ ከፍቼ አብረን እንሞላለን፣ ሰብስክራይብ አድርጉና ደወሏን ተጫኗት፣ ጎረቤቴም ጭምር።