ዋጋውን ጻፉት

(ደሴ ላይ ለነጋዴዎችና በስልካቸው ለሚሸጡ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ የከተማችን ነጋዴዎች፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ሱቃችሁን ስልካችሁ ውስጥ የከፈታችሁ ወጣቶች፤ እንደምን ዋላችሁ። አሰላሙ አለይኩም።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ «የኢንተርኔት ንግድ ዕድሎችና ተግዳሮቶች» ይላል። ዕድሎቹን ከእኔ በፊት የተናገሩት ጨርሰዋቸዋል። ተግዳሮቶቹን ደግሞ እናንተ ከእኔ በላይ ታውቋቸዋላችሁ። ስለ መብራቱ፣ ስለ ኔቱ፣ ስለ መንገዱ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ማን ለማን ያስረዳል? በ2014 ዓ.ም. ሱቁ ተራቁቶ ከባዶ መደርደሪያ የጀመረ ሰው ፊቴ ተቀምጧል። ለእሱ ስለ ጽናት ልሰብክ አልመጣሁም።

የመጣሁት አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ነው። ዋጋ የማትጽፉት ለምንድን ነው?

ትስቁ ይሆናል። እኔ ግን የምሬን ነው።

እስኪ ስልካችሁን አውጡና አንድ የሽያጭ ገጽ ክፈቱ። ፌስቡክ ይሁን፣ ቴሌግራም ይሁን፣ ቲክቶክ። ፎቶው ያምራል። ሙዚቃ አለው። «ኦሪጅናል» ይላል። «ጥቂት ፍሬ ነው የቀረን» ይላል። ስልክ ቁጥር ተደርድሯል። ሁሉም ነገር አለ። ዋጋውስ? «ለዋጋው ኢንቦክስ»። ከሥር ኮሜንቶቹን ተመልከቱ። አንዱ «ዋጋ?» ይላል። ሌላው «ስንት ነው?» ይላል። ሦስተኛዋ «ዋጋ ፕሊስ» ትላለች። ለሁሉም መልሱ አንድ ነው፤ «ውስጥ መስመር ልከንልዎታል»። ለአንድ ቁጥር ይህ ሁሉ ሰልፍ!

የአክስቴን ነገር ልንገራችሁ። ሐይቅ ከተማ ነው የምትኖረው። እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታስረክባለች። ባለፈው የኤሌክትሪክ ምጣዷ ተቃጠለ። ለእሷ ምጣድ ከሌለ የዚያ ቀን ገቢ የለም። ልጇ ቴሌግራም ከፈተችና አንድ የሚያምር ምጣድ አገኘች። ዋጋ የለውም። ጻፈች፤ «ዋጋው ስንት ነው?»

መልስ መጣ። «ሰላም ውዴ፣ የት ነሽ?»

«ሐይቅ።»

«ለቤት ነው ለሥራ?»

ልጅቷ የዋህ ናት፤ «ለሥራ» አለች። አክስቴ ከጎኗ ሆና ስታይ «ወይኔ ልጄን! ለሥራ አትበይ ነበር» አለች። ንግድ ታውቃለቻ! ከዚያ ዝም። ሻጩ ጠፋ። አመሻሽ ላይ የድምፅ መልእክት ላከ፤ «ደውይልኝ»። ተደወለ፤ መስመሩ ተይዟል። እንደገና ተደወለ፤ አንድ ሌላ ሰው አነሳና «ቁጥሩን ማን ሰጠሽ?» ብሎ ጠየቀ። ራሳችሁ ለጥፋችሁት የለም እንዴ! በመጨረሻ ዋጋው ተነገረ። አክስቴ ግን ነገሩ አልጣማትም። አዲስ አበባ የሚማር የጎረቤት ልጅ አለ። ለእሱ ደወለችና «እስኪ አንተ ጠይቅልኝ፣ ለእናቴ ለቤት ነው በል» አለችው። ያው ምጣድ፣ ያው ገጽ፣ ያው ቀን። የተነገረው ዋጋ ግን ሌላ። ዝቅ ብሏል።

በማግስቱ ደሴ መጣች። ሰኞ ገበያ ዞር ዞር ስትል ካርቶን ቀዶ በማርከር ዋጋውን ጽፎ ምጣዱ ላይ የለጠፈ ባለሱቅ አገኘች። ከእሱ ገዛች። በኋላ ጠየቅኋት። ሰውዬው ለጎረቤቷ ልጅ ከተነገረው ዋጋ አስበልጦ ነበር የጻፈው። «ታዲያ ለምን ከዚህ ገዛሽ?» አልኳት። «ይሄኛው ፊቴን ሳያይ ነው የጻፈው» አለችኝ።

የዛሬ ንግግሬ ይኸው ነው። የቀረው ማብራሪያ ነው።

አንዳንዶቻችሁ «ባቲ ሰኞ ገበያ ሂድና እየው፣ እዚያም ክርክር ነው፣ ዋጋ የጻፈ የለም» ትሉኛላችሁ። ልክ ናችሁ። ባቲ ግን ዕቃው ፊታችሁ ነው። ሻጩ ፊታችሁ ነው። ከጎናችሁ ያለው ሰው ፍየሉን በስንት እንደወሰደ ጆሯችሁ ይሰማል። ያ ሁሉ የተጻፈ ዋጋ ያህል ነው። ኢንቦክስን የሚመስለው ሌላ ገበያ ነው። በሶማሌ ክልል የግመል ገበያ ደላሎች እጃቸውን በጨርቅ ሸፍነው በጣት ይደራደራሉ። ዙሪያውን የቆመው ሰው ዋጋውን እንዳያውቅ ነው። ኢንቦክስ ያ ጨርቅ ነው። እዚያ ግን ጨርቁ ሥር ያሉት ሁለቱም ደላሎች ናቸው፤ ሁለቱም ገበያውን ያውቃሉ። እኛ ጋ አንዱ ነጋዴ ነው፣ ሌላዋ አክስቴ ናት።

እሺ፣ ምክንያታችሁን ልስማ። ብዙዎቻችሁን ሱቃችሁ ድረስ መጥቼ ጠይቄያችኋለሁና አውቀዋለሁ።

አንደኛው ወጣቶቹ የሚሉት ነው። «ዋጋ ካልጻፍን ሰው ይጠይቃል፣ ኮሜንት ሲበዛ ፌስቡክ ፖስቱን ያሰራጭልናል።» ይህ ከባዶ የመጣ አይደለም። በእኛ አቆጣጠር ጥር 2010 ማርክ ዙከርበርግ ራሱ አስታውቋል፤ ሰዎች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት ፖስት ቅድሚያ ያገኛል ብሏል። ነገር ግን ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ታኅሣሥ ላይ፣ ያው ፌስቡክ «ኮሜንት አድርጉ፣ ሼር አድርጉ» እያለ የሚለምን ፖስትን ዝቅ አደርጋለሁ ብሎ ነበር። ያኛውን የነገራችሁ የለም። ደግሞስ ቴሌግራም ቻናል ላይ ምን ሆናችሁ ነው? እዚያ ፖስቱ ቻናላችሁን ለተከተለ ሰው ሁሉ በተራው ይደርሳል። ኮሜንት በዛ ብሎ ወደ ላይ የሚያወጣው የለም። እዚያም «ኢንቦክስ»! ልማድ ሆኖባችሁ ነው እንጂ ስልት አይደለም።

ሁለተኛው «ተፎካካሪ ያይብናል» ነው። አማዞን በ1987 ዓ.ም. መጽሐፍ መሸጥ ሲጀምር ዋጋውን መላው ዓለም እንዲያየው አድርጎ ነው። አልጠፋም። የእናንተስ ተፎካካሪ ማን ነው? በረንዳ የምትጋሩት ሰው ነው። ዋጋችሁን ካወቀው ቆይቷል። ልጁን ልኮ አስጠይቋል። እናንተም ልካችኋል። አሁን ዋጋውን የማያውቅ የቀረው ገዢው ብቻ ነው!

ሦስተኛው የዶላሩ ነገር ነው። እዚህ ላይ አዝንላችኋለሁ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን አለፈ። ጠዋት የጻፋችሁት ዋጋ ማታ የሚያከስርበት ጊዜ ነበር። ግን የስልክ ጽሑፍ በድንጋይ አይቀረጽም። ጫን አድርጉና አስተካክሉት። «የዛሬ ዋጋ» ብላችሁ ቀኑን ጨምሩበት። ገዢ ዋጋ ሲጨምር ይቆጣል፣ እውነት ነው። ለሁለት ሰው ሁለት ዋጋ መነገሩን ሲያውቅ ግን ይሄዳል። የተቆጣው ይመለሳል። የሄደው አይመለስም።

አራተኛውን ማንም ጮክ ብሎ አይናገረውም። እኔ እናገረዋለሁ። «ግብር ሰብሳቢው ያያል።»

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! ግብር ሰብሳቢው ዋጋችሁን ማወቅ ከፈለገ እንደ አክስቴ ልጅ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ይጽፍላችኋል። እናንተም «ሰላም ውዴ» ብላችሁ ትመልሱለታላችሁ። ብሩ የሚገባላችሁ በባንክና በቴሌብር ነው። እያንዳንዱ ዝውውር ተመዝግቦ ተቀምጧል። ያንን ሳትደብቁ ዋጋውን ከእናቶች መደበቅ ምን ይባላል? ሕጉም ቢሆን ከእናንተ ጋር አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ የዕቃውን ዋጋ በግልጽ በሚታይ ቦታ እንዲያሳይ ያዛል። ሱቅ ውስጥ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ዋጋ ለመለጠፍ ትሯሯጣላችሁ። ስልክ ላይ ስትሆኑ ነጋዴነታችሁ ቀረ?

አሁን እኛ ወሎዎች ብቻ የምንግባባበትን ልናገር። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ዳታ ለወራት ሲጠፋ እንዴት እንደነገድን ታስታውሳላችሁ። ሰው ዋይፋይ ያለበት ሆቴል በር ላይ ቆሞ ስልኩን ያርገበግባል። ትንሽ ያገኛል፣ ከዚያ ወደ ቤቱ። በዚያች ደቂቃ ገጻችሁን ከፍቶ ዋጋውን ያየ ሰው፣ ቤቱ ገብቶ በተራ ጥሪ ደውሎ ያዛል። ክፍያም አይቸግረውም፤ በ*127# ቴሌብር ያለ ዳታ ይሠራል። ዋጋውን ሳያይ የቀረው ግን ኢንቦክስ ልኮ ይሄዳል። መልሱ ሲመጣ እሱ ኔት የለውም። እሱ ሲመለስ እናንተ የላችሁም። ያን ጊዜ ከሸጡት መካከል ዋጋ የጻፉት ይበዛሉ። ስም አልጠራም፤ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ራሳቸው ያውቃሉ። እንዲያ ያለ ጊዜ አይመለስ። ግን ኔት በየሰዓቱ በሚንገዳገድበት አገር አምስት ጊዜ መመላለስ የሚጠይቅ ሽያጭ መዘርጋት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

ክፍያው ቀላል ሆኗል እኮ። ቴሌብር በግንቦት 2013 መጣ። ሳፋሪኮም መጣ፣ ኤምፔሳው ተከተለ። ባንኮቹ ሁሉ መተግበሪያ አላቸው። ገዢው በሁለት ደቂቃ ሊከፍላችሁ ተዘጋጅቷል። ስንት እንደሚከፍል ለማወቅ ሁለት ቀን ይፈጅበታል።

ከዓለም ወሬም ትንሽ ልጨምር፣ ለዚያም ነው የተጠራሁት። ግንቦት 2016 ጉግል በአሜሪካ ለተጠየቀው ነገር መልሱን ራሱ በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃልሎ ከውጤቶቹ በላይ ማሳየት ጀመረ። መስከረም 2018 ደግሞ የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ የአሜሪካ ተጠቃሚዎች ከቻትጂፒቲ ሳይወጡ ዕቃ የሚገዙበትን መንገድ አስተዋወቀ፤ ኤትሲ በሚባለው የኢንተርኔት ገበያ ሻጮች ነው የጀመረው። ወሎ መቼ እንደሚደርስ አልተነብይም። የማውቀው አንድ ነገር ነው። እነዚህ ማሽኖች የተጻፈውን ያነባሉ። «ሰላም ውዴ፣ የት ነሽ?» ብላችሁ አትደራደሯቸውም። ዋሽንግተን ያለ የደሴ ልጅ ለእናቱ ብርድ ልብስ ሲፈልግ፣ ማሽኑ የሚያመጣለት ዋጋውና መጠኑ በጽሑፍ የተቀመጠውን ነው። ፎቶው ላይ በቀለም የተጻፈ ሳይሆን በፊደል የተጻፈ። ልብ በሉልኝ።

ስለ ማድረስ ተናገር ተብያለሁ። አጭር ነው። በመኪና ስትልኩ የመኪናውን ታርጋና የሾፌሩን ስልክ ለገዢው ላኩለት። የማጓጓዣውን ሂሳብ ከዕቃው ዋጋ ለይታችሁ ጻፉ። የተሰበረ ዕቃ ሲመለስ ስልክ አትዝጉ። በቃ።

ስለ ሐሰተኛ ገጾችም ነበረኝ፤ ሰዓቱ ሄዷል።

በመጨረሻ ወደ ራሳችን ቤት ልምጣ። በእኛ የመሸጫ ድረገጽ ላይ ዕቃ ያላችሁ ብዙዎች እዚህ አላችሁ። ከመጪው ወር መባቻ ጀምሮ ዋጋ ያልተጻፈበት ዕቃ ይነሳል። «1 ብር» የተባለም ይነሳል። «1234» የተባለም ይነሳል። ብልጠቱን እናውቀዋለን። ዋጋ መቀየር የሚፈልግ በቀን ደጋግሞ ይቀይር፣ አናስከፍልም። መጻፍ የሚቸግራቸው እናቶች ካሉ ይደውሉልን፣ ልጆቹ ይጽፉላቸዋል። በዚህ ምክንያት ከእኛ የሚወጣ ሱቅ እንደሚኖር አውቃለሁ። አንድ ሁለቱ ከወዲሁ ነግረውኛል። አብሽሩ፣ ቂም የለም። የሚቃወመኝ ካለ ከሻይ በኋላ እዚሁ ነኝ፤ ማይኩንም እሰጠዋለሁ።

አመሰግናለሁ።