ሾሎዳ የት ነው? ስለ ደረቅ ዕፅዋትና ስለ መለያ ወረቀታቸው

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ደረቅ ቅጠል ነው።

ሻይ ላይ የምንጨምረው ጦስኝ ሳይንሳዊ ስሙ ታይመስ ሺምፐሪ ይባላል። ስሙ የመጣው ከዊልሄልም ሺምፐር ነው። ሺምፐር በ1837 ኢትዮጵያ ገብቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ዕፅዋት ሲሰበስብ የኖረ ጀርመናዊ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ ወደዚህ ጉዳይ እመለሳለሁ።) የትግራይና የሰሜን ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ውቤ የእንጢጮ ገዥ አድርገው ሾመውታል። ከጀርመን ደግሞ ኤስሊንገን ከተማ የነበረ ማኅበር ከአባላቱ ገንዘብ እያዋጣ ይልክለታል። እሱ የደረቀ ተክል ይልካል፣ ማኅበሩ ከፋፍሎ ለአባላቱ ያድላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር የተሰጠው ተክል መንታ ሉሆች (በየወረቀቱ የተለጠፉ ተመሳሳይ ናሙናዎች) ፓሪስም ለንደንም በርሊንም ደረሱ። በማርች 1943 የበርሊኑ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ማከማቻ) በቦምብ ሲጋይ፣ በየአገሩ ተበትነው የነበሩት መንታዎች ተረፉ።

የተረፈውን ማንበብ ግን ሌላ ሥራ ነው። የሺምፐር ናሙና መለያ ወረቀት ላይ «ሾሎዳ ተራራ» ይላል። አድዋን ያየ ሰው ሶሎዳ መሆኑን ወዲያው ያውቃል፤ የውጭ አገር ተመራማሪ ካርታ ላይ «ሾሎዳ» ብሎ ቢፈልግ ውሎ ያድራል። ሰብሳቢው ለናሙናው የሚሰጠው ቁጥርም ያሳስታል። ሺምፐር በኋለኞቹ ዓመታት ቁጥሩን እንደ አዲስ ስለጀመረ፣ ዓመቱ ያልተጻፈበት አንድ ቁጥር ሁለት የተለያየ ተክል ሊሆን ይችላል።

አሁን ተክል ሰብስቦ ወደ ማድረቁ የእጅ ሥራ። ተክሉ አበባ ወይም ፍሬ መያዝ አለበት፤ ቅጠል ብቻውን ብዙ ጊዜ ዝርያውን አይለይም። ሣር ከሆነ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ከረዘመ እንደ ዜድ ፊደል እጠፉት። ጋዜጣ ላይ ስትዘረጉ ቢያንስ አንድ ቅጠል ገልብጡ፣ የጀርባው ፀጉር የሚታየው ያኔ ነው። በየመካከሉ ካርቶን አስገብታችሁ፣ በሁለት የእንጨት መጫኛ መሃል በጠፍር ጥብቅ አድርጋችሁ እሰሩ። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ጋዜጣው በየቀኑ ይቀየር። ብዙ ናሙና የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ እርጥብ ጋዜጣ ያደረ ቅጠል ይጠቁራል፣ ይሻግታል፣ ከግንዱም ይረግፋል። እሳት አጠገብ አድርጎ ማጣደፍም አያዋጣም፣ ይሰባበራል። እሬትን የመሰለ ውሃ ያዘለ ተክል ተጭኖም ስለማይሞት፣ መጀመሪያ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ አውጡት።

ዝናብ በበዛበት ጫካ ማድረቅ ካልተቻለ፣ ከነጋዜጣው 70 በመቶ አልኮል አርከፍክፎ ፕላስቲክ ውስጥ ማሸግ ይቻላል። ነገር ግን አልኮል ዲኤንኤውን ይጎዳል። ለዲኤንኤ ምርመራ የሚሆን ቁራጭ ቅጠል አስቀድማችሁ ሲሊካ ጄል (እርጥበት የሚመጥ ጥራጥሬ) ውስጥ አኑሩ።

መለያው የሚጻፈው እዚያው ቦታው ላይ ነው፣ በእርሳስ። እስክሪቢቶ አልኮል ሲነካው ይፈሳል። ቀለምና ሽታ ሲደርቁ ስለሚጠፉ ይጻፉ፤ የተክሉ ቁመት፣ የቦታው ከፍታና የጂፒኤስ ነጥብም እንዲሁ። የቀበሌ ስም ብቻ አይበቃም፣ ቀበሌ ይፈርሳል፣ ይዋሃዳል። ከየትኛው ከተማ፣ በየት አቅጣጫ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ ይገለጽ። የአካባቢውን ስም ስትጽፉ በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጨምሩ። «ጥድ» ብቻ ብሎ መጻፍ ወጥመድ ነው፤ አንዱ ሰው የሐበሻውን ይላል፣ ሌላው የፈረንጁን።

ቀኑ ላይ ወሩ በስም እንጂ በቁጥር አይጻፍ፤ አቆጣጠሩም ይጠቀስ። «5/6/2009» የሚል መለያ ላነበበ ሰው ዓመቱ በስምንት ሊዛነፍ ይችላል፤ ወሩም የካቲት ይሁን ጁን ወይም ሜይ አይታወቅም። የአበባ ወቅት ለሚያጠና ሰው ይህ ናሙና አለቀለት።

የደረቀው ተክል ወደ መደርደሪያ ሳይገባ በፕላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሳምንት ይቆይ፣ ደረቅ ተክል የሚበሉት ትንንሽ ጥንዚዛዎች እንዲሞቱ። ሲወጣም ሙቀቱ ከክፍሉ ጋር እስኪስተካከል እሽጉ አይከፈት፤ አለበለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። በጥንት ጊዜ ነፍሳትን የሚከላከሉት በሜርኩሪ ጨው ነበር። ስለዚህ የቆየ ሉህ ስትነኩ ጓንት አድርጉ፣ መስኮትም ክፈቱ።

ቁጥሩን በተመለከተ፦ የመጀመሪያው ናሙናችሁ 1 ከሆነ የሚቀጥለው 2 ነው። በሚቀጥለው ዓመትም፣ ክልል ብትቀይሩም፣ መሥሪያ ቤት ብትለቁም እንደገና ከ1 አትጀምሩ። ከእያንዳንዱ ቁጥር ቢያንስ ሦስት መንታ ያዙ፣ አንዱ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ላለው ብሔራዊ ሄርባሪየም ይሂድ።