ነጩ ሻማ ማኪያቶ ሲሆን፦ የመዓዛ ዘይት አመራረጥ ለጀማሪ

ዳዊት፦ እንደምን ከረማችሁ! ዛሬ ስቱዲዮው ሰርግ ቤት ሰርግ ቤት ይሸታል። ሜሮን ጠረጴዛው ላይ ስድስት ትንንሽ ጠርሙስ ደርድራለች።

ሜሮን፦ ሰባት ነበሩ። አንዱን ኪስህ ከተህ እንዳይሆን።

ዳዊት፦ እንግዲህ ተጀመረ! ሜሮን ሻማ መሥራት ከጀመረች ሦስት ዓመት ሆኗታል። እኔ ደግሞ ባለፈው ቅዳሜ ጀምሬ ባለፈው ቅዳሜ አቆምኩ።

ሜሮን፦ ለምን እንዳቆምክ ንገራቸዋ።

ዳዊት፦ ሰሙን አቀለጥኩ። ሽታ ይኑረው ብዬ ለኬክ የምንጠቀምበትን ቫኒላ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ጠብታዎቹ ሥር ወርደው እንደ ዶቃ ቁጭ አሉ። ባማስል፣ ባማስል፣ ወይ ፍንክች! ሲረጋ ለኮስኩት። ተንጣጣ፣ ተንጣጣና ጠፋ።

ሜሮን፦ የኬክ ቫኒላ እኮ ውሃና አልኮል ነው። ሰም ዘይት እንጂ ውሃ አይቀበልም። ደግሞ ብዙ ሰው "የምወደውን ሽቶ ብጨምርበትስ?" ይለኛል። የሚረጭ ሽቶ አብዛኛው አልኮል ነው። ትኩስ ሰም ላይ፣ ምድጃ አጠገብ፣ አልኮል መድፋት ማለት እሳት መጥራት ነው። በፍጹም አይሞከርም።

ዳዊት፦ ታዲያ ምን ልግዛ? ኦንላይን ገብቼ አንዱ ፍራግራንስ ኦይል ይላል፣ አንዱ ኢሴንሻል ኦይል። ዋጋቸው ደግሞ አይገናኝም።

ሜሮን፦ ኢሴንሻል ኦይል ከተክል ተጨምቆ ወይም በእንፋሎት ተጣርቶ የሚወጣ ነው። ፍራግራንስ ኦይል ደግሞ ባለሙያ የቀመመው ነው። ለጀማሪ እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። ሎሚና ብርቱካን ኢሴንሻል ኦይል ከጠርሙሱ ሲሸቱ አፍ ያስከፍታሉ፤ ሰም ውስጥ ሲገቡ ግን ቶሎ ይበናሉ። ሻማው ሲበራ ምንም የለም። ጽጌረዳማ ጭራሽ ተወው። አንድ ኪሎ ዘይት ለማውጣት በሺህ የሚቆጠር ኪሎ አበባ ይፈጃል። "ንጹሕ የጽጌረዳ ኢሴንሻል ኦይል፣ 10 ዶላር" የሚል ካየህ ዝም ብለህ እለፍ።

ዳዊት፦ እሺ፣ ፍራግራንስ ኦይል አልን። ስንት ልግዛ? ትልቁ ጠርሙስ ሁልጊዜ ይረክሳል።

ሜሮን፦ እዚህ ላይ ነው ሁላችንም የምንሳሳተው። እኔ በመጀመሪያው ወር አሥራ አራት ዓይነት ገዛሁ፣ ያውም ትልልቁን። ግማሹ እስካሁን ቁም ሳጥን ውስጥ አለ። እዚህ አሜሪካ በ1 አውንስ ይሸጣል፣ 28 ግራም ገደማ ማለት ነው። እሱን ግዛ። ሦስት ዓይነት ይበቃል። ሰሙንም አትቀያይር፤ አንድ ዓይነት ሰም ያዝ።

ዳዊት፦ 28 ግራም ምን ያህል ሻማ ይወጣዋል?

ሜሮን፦ 200 ግራም ሰም አለህ እንበል። ለአኩሪ አተር ሰም ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 በመቶ ነው የሚጨመረው። በ6 በመቶ 12 ግራም ዘይት ትጨምራለህ። ስለዚህ ሁለት ሻማ ሠርተህ ትንሽ ይተርፍሃል። በ8 በመቶ ካደረግከው 16 ግራም ይፈልጋል፣ ሁለተኛው ሻማ ላይ ያጥርሃል። በ6 ጀምር። ደግሞ በማንኪያ አይደለም፣ በሚዛን!

ዳዊት፦ ብዙ ብጨምር በደንብ አይሸትም?

ሜሮን፦ ሰሙ የሚችለው ልክ አለው። ከዚያ ካለፈ ዘይቱ ላይ ላዩን ያልበዋል፤ ክሩም እየታፈነ በደንብ አይነድም፣ ያጨሳል።

ዳዊት፦ አንድ ገጽ ላይ ግን "ለሻማ እስከ 100 በመቶ" የሚል ሰነድ አይቻለሁ።

ሜሮን፦ እሱ የኢፍራ ሰነድ ነው። ኢፍራ ዓለም አቀፍ የመዓዛ አምራቾች ማኅበር ነው፣ በ1973 የተቋቋመ። ሰነዱ የሚነግርህ ዘይቱ ለሰው ደኅንነት እስከ ስንት እንደሚፈቀድ ነው። ሻማ ቆዳ ላይ ስለማይቀባ ብዙ ጊዜ ገደብ አይደረግበትም። ሰሙ ስንት እንደሚችል ግን የሚነግርህ ሰሙን የሸጠልህ ነው። ያም ሆኖ ይህን ሰነድ የማያሳይ ሻጭ ጋ አልገዛም። ሰነድ ከሌለው ጠርሙሱ ውስጥ ያለውን በምን አውቃለሁ?

ዳዊት፦ ፍላሽ ፖይንት የሚባለውስ? ከዚያ በላይ ከሞቀ ሽታው ይጠፋል ይላሉ።

ሜሮን፦ አይጠፋም። ፍላሽ ፖይንት ማለት የዘይቱ ትነት እሳት ቢነካው የሚቀጣጠልበት ሙቀት ነው። ለማጓጓዝና ለጥንቃቄ ይጠቅማል። እኔ በአኩሪ አተር ሰም 85 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ጨምሬ ሁለት ደቂቃ ቀስ ብዬ አማስላለሁ።

ዳዊት፦ አሁን የሰርጉን ታሪክ ንገሪያቸው።

ሜሮን፦ አይ አንተ! የአክስቴ ልጅ ልታገባ ነው። አርባ ነጭ ሻማ አዘዘችኝ። ቫኒላ ያለበት፣ በጣም የሚያምር ዘይት ገዛሁ። ስቀዳው በረዶ መስሏል። በሳምንቱ ሳጥኑን ስከፍት ዳር ዳሩ ቢጫ ሆኗል። በሁለተኛው ሳምንት ለየለት፣ ማኪያቶ!

ዳዊት፦ አርባ ማኪያቶ።

ሜሮን፦ ጥፋቱ የእኔ ነው። የዘይቱ ገጽ ላይ የቫኒሊን፣ ማለትም የቫኒላን ሽታ የሚሰጠው ንጥረ ነገር፣ መጠን ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩም። ቫኒሊን ከጊዜ ጋር ሰሙን ያጠቁረዋል። ነጭ ከፈለግህ ዜሮ የሚለውን ፈልግ። ካልሆነም ከመጀመሪያው ቡናማ ቀለም ጨምርበት።

ዳዊት፦ ስለ ቡና ካነሳሽ፣ የጀበና ቡና የሚሸት ሻማ ብሠራ እዚህ ሜሪላንድ ያለ አበሻ ሁሉ አይገዛኝም?

ሜሮን፦ ሞክሬዋለሁ። "ኮፊ" ተብለው የሚሸጡት ያሸተትኳቸው ሁሉ ካራሜልና ክሬም ነገር አለባቸው። ጥሩ ናቸው፣ ግን ካፌ ነው የሚሸቱት፤ ቡናው ሲቆላ፣ ጭሱ ቤት ሲሞላ ያለውን ሽታ እስካሁን አላገኘሁም። ዕጣን ይሻላል። የዕጣን መዓዛ ያላቸው ጥሩ ዘይቶች አሉ። ግን አደራ፣ የተፈጨ ዕጣን ወይም ቡና ሰሙ ውስጥ እንዳትበትን። ክሩን ይደፍነዋል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል።

ዳዊት፦ የማር ሰምስ? እማዬ ጧፍ ስትለኩስ ያለ ምንም ዘይት ይሸታል።

ሜሮን፦ ለዚያ ነው ዘይት የማልጨምርበት። የራሱ ጠረን አለው፣ ይጣላሉ። ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ በጠርሙሱ ሽታ አትፍረዱ። ጠርሙሱ ያታልላል። የጥጥ ጫፍ ላይ ጠብ አድርጉና ክዳን ባለው ብልቃጥ አሳድሩት፣ ጠዋት አሽትቱት። የአኩሪ አተር ሻማ ከሆነም ከሠራችሁ በኋላ ሁለት ሳምንት ታገሡ። በማግስቱ ለኩሶ "አይሸትም" ማለት የለም።

ዳዊት፦ ሁለት ሳምንት! እሺ፣ ይችን ይዤ ልሂድ?

ሜሮን፦ ኪስህ ውስጥ ነበረች አይደል? አውቄያለሁ! ውሰዳት።

ዳዊት፦ ስንት ልጨምር?

ሜሮን፦ ሰምህ ስንት ግራም ነው?

ዳዊት፦ እንጃ። ሚዛን እኮ የለኝም።

ሜሮን፦ እንግዲያው ጠርሙሷን መልስ።