ይዞ የሚዞረው ግንድ ብቻ አይደለም

እንደምን አረፈዳችሁ! መምህራን፣ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ነገ በሌሊት ተነስታችሁ አባይ በረሃ እንደምትወርዱ አውቃለሁ። ስለዚህ አላረዝምም። ርዕሱን ሲሰጡኝ «ወንዝ ሸለቆን እንዴት ይሠራል» አሉኝ። ቀላል ነው ብዬ እሺ አልኩ። ወረቀት ይዤ ስቀመጥ ነው ጉዱ የገባኝ።

«አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል» ሲባል ሰምታችኋል። እውነት ነው። ግን ግንዱ ከላይ ስለሚንሳፈፍ ታየ እንጂ ከባዱ ጭነት ከሥር ነው ያለው። ድንጋይ፣ ጠጠር፣ አሸዋ። ጠንካራ አለት ላይ ንጹህ ውሃ ብቻውን ቢፈስ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው። ሥራውን የሚሠራው የተሸከመው ነገር ነው።

ልጅ ሆኜ ቤታችን ወንዝ ዳር ነበር። ክረምት ማታ ተኝተን፣ ከውሃው ጩኸት ሥር ሌላ ድምፅ ይሰማናል። ጓ፣ ጓ፣ ከዚያ ረዘም ያለ ጓጓታ። አያቴ «ሰይጣን ድንጋይ እየወቀረ ነው፣ ዝም ብላችሁ ተኙ» ትለን ነበር። በጋ ላይ ውሃው ሲጎድል ወርደን እናያለን። አለቱ ላይ ክብ ክብ ጉድጓድ አለ፣ ቁርጥ ሙቀጫ! እጃችሁን ስትከቱ ታችኛው ላይ ሁለት ሦስት ድቡልቡል ድንጋይ ታገኛላችሁ። ዘነዘናው እሱ ነው። ውሃው ሲሽከረከር ድንጋዩን ያዞረዋል፣ ድንጋዩ አለቱን ይፍቀዋል፣ እሱም እየተፋቀ ያንሳል፣ በሚቀጥለው ክረምት ሌላ ይተካል። ጉድጓዶቹ እየሰፉ ሲገናኙ የወንዙ ወለል ዝቅ ይላል። አያቴ ስለ ሰይጣኑ ተሳስታ ይሆናል፤ ስለ ወቀራው ግን አልተሳሳተችም።

ወቀራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይደለም። አባይ የዓመቱን ውሃ አብዛኛውን የሚያወርደው በክረምትና በክረምቱ ማግስት ባሉ ጥቂት ወራት ነው። በዚያም ውስጥ ትልልቁን ድንጋይ የሚያነሱት ጥቂት የደራሽ ቀናት ናቸው። በጋ ላይ የአባይ ድልድይ ላይ ቆማችሁ «ይሄ ነው እንዴ ይሄን ሁሉ የቆፈረው?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። ሥራ ፈት ሰዓቱ ላይ ነው የደረሳችሁበት።

የቆፈረው ደግሞ ቀላል አይደለም። ከሸለቆው አፋፍ፣ ከጎሃ ጽዮን፣ እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ወደ 1,400 ሜትር ይጠጋል። ከላይ ያለው ጥቁሩ ባዛልት የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ሸለቆው ይህንን ባዛልት ስለቆረጠ ከባዛልቱ በኋላ የመጣ ነው። ዳቦ ሳይጋገር አይቆረስም። ከባዛልቱ ሥር የኖራ ድንጋይ ይመጣል፣ ጂፕሰም የሚባለው ለስላሳ ድንጋይ ይከተላል፣ ታች ቀላ ያለ የአሸዋ ድንጋይ አለ። የኖራ ድንጋዩ በዳይኖሰሮች ዘመን እዚህ ባህር እንደነበረ ይመሰክራል። አዎ፣ ባህር። ያ የባህር ወለል ዛሬ እንዴት ይህን ያህል ከፍ አለ? መሬቱ ስለተነሳ ነው። መሬት ሲነሳ ወንዝ ቁልቁለት ያገኛል፣ ቁልቁለት ሲያገኝ ጉልበት ያገኛል፣ ጉልበት ሲያገኝ ይቆርጣል።

ታዲያ ሸለቆው ለምን እንደ ስንጥቅ ጠባብ ሆኖ አልቀረም? ናዳ ነዋ። ወንዙ እግሩን ሲበላው ጎኑ ይንሸራተታል። የአባይ በረሃ መንገድ ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሰነጠቅና እንደሚያብጥ ሹፌሩን ጠይቁት፣ ከእኔ በላይ ያስረዳችኋል።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ላይ ደረስን። ነገ ስትወርዱ ሸለቆው ደረጃ ደረጃ ሆኖ ታዩታላችሁ፤ ገደል፣ ከዚያ ለጥ ያለ ማሳ፣ እንደገና ገደል። አንዱ ተነስቶ «የወንዝ እርከን!» ማለቱ አይቀርም። ቆይ! አብዛኛው የወንዝ እርከን አይደለም። ጠንካራው ድንጋይ ገደል ሆኖ ቆሟል፣ ለስላሳው ተሸርሽሮ ተኝቷል፣ በቃ።

እውነተኛው የወንዝ እርከን አሮጌ የወንዝ ወለል ነው። ወንዙ አንድ ዘመን የሚያመጣው ደለልና ጠጠር ከአቅሙ በላይ ይሆንበትና ሜዳው ላይ ያራግፈዋል፣ ሸለቆውን ይሞላዋል። ኋላ ዝናቡ ይለወጣል፣ ወይም መሬቱ ይነሳል፣ ወይም ታች የሚገባበት ቦታ ዝቅ ይላል። ያኔ ያነጠፈውን ራሱ ይቆርጠዋል። ድሮ ይተኛበት የነበረው ሜዳ ግራና ቀኝ እንደ መደብ ከፍ ብሎ ይቀራል። ይሄ ሲደጋገም ደረጃ ይሆናል። የሚገርመው ዕድሜው ነው። በተነባበረ አለት ውስጥ ታችኛው ነው ሽማግሌው፤ በእርከን ግን ላይኛው።

ማየት የፈለገ መልካ ቁንጡሬ ይሂድ። ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በቡታጅራ መንገድ። አዋሽ ያነጠፈውን መልሶ ስለቆረጠው የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያ በዳርቻው ወጥቷል። በአቅራቢያው ካለው ከባልጪት ጋር በ2016 ዓ.ም በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አዋሽ ባይቆርጥ ኖሮ ያ ሁሉ እንደተቀበረ ነበር።

ለመለየት መሣሪያ አያስፈልጋችሁም። ለጥ ያለው ቦታ ላይ ስትደርሱ ጎንበስ በሉና ድንጋይ አንሱ። ማዕዘኑ ስለታም ከሆነ ከላይ የተናደ ነው። ድቡልቡል ከሆነ፣ በተለይ በዙሪያው የሌለ ዓይነት ድንጋይ ከሆነ፣ ወንዝ ያመጣው ሳይሆን አይቀርም፤ ወንዙ ከእናንተ እግር በታች ምንም ያህል ርቆ ይታይ፣ አንድ ቀን እናንተ የቆማችሁበት ነበር። ፎቶ አንሱት፣ ድንጋዩን ግን ቦታው መልሱት፣ መምህራችሁ ሻንጣ ሙሉ ድንጋይ መሸከም የለባቸውም።

አውቶቡሱ 11 ሰዓት ተኩል ይነሳል ተብሏል፣ የጠዋቱ ማለቴ ነው። ታች ሙቀቱ ሌላ ነው፣ ውሃ በደንብ ያዙ። አመሰግናለሁ።