ቤት ገዝቶ ማከራየት ያዋጣል?

[ምስል፦ ሊፍት የሌለው የኮንዶሚኒየም ደረጃ]

ሰላም ናችሁ? ቤት ገዝቶ ማከራየት ያማረው ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው "ስንት ይከራያል?" ብሎ ነው። እስቲ ሒሳቡን አብረን እንምታው።

አዲስ አበባ ውስጥ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም በ6 ሚሊዮን ብር ገዛችሁ እንበል። በወር 30 ሺህ አከራያችሁት። በዓመት 360 ሺህ ብር መሆኑ ነው። ደስ ይላል አይደል? ካፈሰሳችሁት ገንዘብ አንጻር ግን 6 በመቶ ብቻ ነው።

[ስክሪን ላይ፦ 6 በመቶ እና 7 በመቶ ጎን ለጎን]

ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛውን የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ አድርጎታል። እንግዲህ ብሩ ባንክ ተኝቶ የሚያመጣው ይበልጣል ማለት ነው።

ገና ነው፤ ወጪም አለ። አንዱ ተከራይ ወጥቶ ሌላው እስኪገባ ቤቱ አንድ ወር ባዶውን ቢከርም 30 ሺህ ብር ቀረ። ደላላ አለ፣ ቀለም አለ፣ ቧንቧ አለ። የኪራይ ገቢ ግብርም አለ።

"ታዲያ ሰው ለምን ይገዛል?" ትሉኛላችሁ። ብርን ስለማያምን ነዋ! ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሪ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ ብር ምን እንደሆነ ሁላችንም አይተናል። ሰው ተስፋ የሚጥለው ቤቱ ራሱ ዋጋ ይጨምራል ብሎ ነው፤ ኪራዩ ምራቂ ነው። ስለዚህ በባንክ ብድር ገዝታችሁ "ዕዳውን ኪራዩ ይከፍልልኛል" ካላችሁ ተጠንቀቁ። የብድሩ ወለድ ብቻውን ኪራዩን ይውጠዋል።

"በርካሽ አስገብቼ በኋላ ብጨምርስ?" እሱ ድሮ ቀረ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ ከሁለት ዓመት አያንስም፣ መመዝገብም አለበት። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፤ እሱም መንግሥት በሚያወጣው ጣሪያ ልክ። ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር አይበልጥም። መነሻ ዋጋችሁን ስትተምኑ አስቡበት።

ስለ ሰነድ፦ ካርታው ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑን ሳታጣሩ ቀብድ አትክፈሉ። ከውጭ አገር የምትገዙ ወገኖች ደግሞ ይህን በደንብ ስሙኝ። በዕጣ የደረሰ ኮንዶሚኒየም 5 ዓመት ሳይሞላው አይሸጥም። "ግድ የለም፣ በውክልና እናደርገዋለን" የሚል አይጠፋም። ውክልና ግን ይሻራል። ወካዩ፣ ማለትም ሻጩ፣ ከሞተም ይቀራል። ከዚያ በኋላ የምትከራከሩት ከወራሾች ጋር ነው።

[ምስል፦ ጀሪካን የያዘ ሰው ደረጃ ሲወጣ]

ቤቱን ልታዩ ስትሄዱ ግድግዳውን ትታችሁ መጀመሪያ ቧንቧውን ክፈቱ። ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ ጠይቁ፤ ደላላውን ሳይሆን ጎረቤቱን። ሮቶ ከሌለ ማስገቢያውን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ። አራተኛ ፎቅ ድረስ ጀሪካን የሚሸከም ተከራይ ሌላ ቤት እንዳገኘ ቁልፉን ያስረክባችኋል።