ዲያሉ ላይ 500 ስለተጻፈ 500 ነው ማለት አይደለም

እንደምን አረፈዳችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት እስከዚህ ለገጣፎ ድረስ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ፣ በተለይ ከጀሞና ከአየር ጤና በኩል የመጣችሁት፣ ስንት ታክሲ እንደቀያየራችሁ ስለማውቅ ነው። እያየሁ ነው፣ አብዛኞቻችሁ አንገታችሁ ላይ ያንጠለጠላችሁት ካሜራ በዕድሜ ይበልጣችኋል፣ ዜኒት አለ፣ ፔንታክስ ኬ1000 አለ፣ ጋሼም እዛ ኋላ ያሺካቸውን ይዘው መጥተዋል። ዛሬ የማወራው ስለ ሻተር ፍጥነት ነው፣ ማለት ፊልሙ ፊት ያለው መጋረጃ ብርሃን የሚያስገባው ለምን ያህል ጊዜ ነው፣ ካሜራችሁ የሚነግራችሁ ቁጥር እውነት ነው ወይ፣ ደግሞ ቤታችሁ ቁጭ ብላችሁ ብዙ ብር ሳታወጡ እንዴት ታረጋግጣላችሁ።

ዲያሉ ማለት ፍጥነቱን የምትመርጡበት መዘውር ነው፣ 500 ሲል የሰከንድ አንድ አምስት መቶኛ ማለቱ ነው። እዛ ላይ ያለው ቁጥር ካሜራው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገባ ቃል ነው፣ በቃ። ዜኒት ኢ የሚባለውን ውሰዱ፣ ሞስኮ አጠገብ ክራስኖጎርስክ ላይ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፣ ባትሪ የሚባል ነገር የለውም፣ ሻተሩ ሁለት የጨርቅ መጋረጃ፣ ሞላ፣ ጥርሳጥርስና ቅባት ነው። ሞላ ይደክማል፣ ቅባት ይደርቃል፣ አቧራችንን ደግሞ እናንተው ታውቁታላችሁ። እና 500 ላይ አድርጋችሁ ስትጫኑ ውስጥ የሚሆነው 300 ሊሆን ይችላል፣ 250ም ሊሆን ይችላል፣ ካሜራው ግን ያው ቀጭ ብሎ ዝም ነው።

"ኔጋቲቭ ፊልም ይችለዋል ባክህ" የሚል ሰው አይጠፋም፣ እውነቱን ነው ኔጋቲቭ ብርሃን ሲበዛበት አንድ ስቶፕ፣ ማለት የብርሃን እጥፍ፣ ብዙም አይከብደውም፣ ስላይድ የሚባለው ፖዘቲቭ ፊልም ግን ወዲያው ነው የሚነጣው። የኛ ጣጣ ግን ፀሐያችን ነው። ጥርት ባለ ቀን አፐርቸር፣ ማለት የሌንሱ ቀዳዳ፣ 16 ላይ ሲሆን ሻተሩ ከፊልሙ አይኤስኦ፣ ለብርሃን ካለው ንቃት ቁጥር ጋር ይቀራረባል የምትባለዋን ሕግ ታውቋት የለ፣ 400 ፊልም ጨምራችሁ እኩለ ቀን ላይ ከወጣችሁ 500 ላይ ተቸነከራችሁ ማለት ነው፣ እና ሜካኒካል ሻተር አብዛኛውን ጊዜ የሚዋሸው ደግሞ እዛው ከፍተኛው ፍጥነቱ ላይ ነው። ማለትም ብዙ ጊዜ የምንጠቀምበት ቁጥር በጣም የማይታመነው ቁጥር ነው። 100 ፊልም የምትጠቀሙ ከሆነ 125 አካባቢ ትሰራላችሁ፣ ትንሽ ትተነፍሳላችሁ።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፣ የዘገየ ሻተር መጥፎ ሻተር ማለት አይደለም። 500 ያለው ሁልጊዜ 320 ከሆነ ምንም ችግር የለም፣ 320 እንደሆነ አውቃችሁ አፐርቸሩን ትንሽ ትዘጋላችሁ፣ አለቀ። ችግር የሚሆነው አንዴ 320፣ አንዴ 450፣ አንዴ 200 ሲሆን ነው፣ እሱን በምንም ሒሳብ አታስተካክሉትም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ለክታችሁ እንዳትተዉት፣ እዛው ቁጥር ላይ ደጋግማችሁ ተኩሱ።

አሁን ወደ ሥራው። ዝቅተኞቹ ፍጥነቶች ቀላል ናቸው፣ ከ1 ሰከንድ እስከ የሰከንድ አንድ ሠላሳኛ ድረስ ያለውን ስልካችሁ ይበቃዋል። ስሎውሞሽን በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀዳ ስልክ ካላችሁ የካሜራውን ጀርባ ከፍታችሁ፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ትቀዱና ብርሃን የታየባቸውን ፍሬሞች ትቆጥራላችሁ፣ 30 ላይ 8 ፍሬም አካባቢ መምጣት አለበት። 125 ላይ ሁለት ፍሬም ብቻ ስለሚሆን እሱ ልኬት አይባልም፣ ግምት ነው።

ለከፍተኞቹ መጀመሪያ ሻተሩ እንዴት እንደሚሰራ መግባት አለበት። በነዚህ ካሜራዎች 500 ላይ መስኮቱ በአንዴ ሙሉ አይከፈትም። አንደኛው መጋረጃ መሮጥ ሲጀምር ሁለተኛው እግር በእግር ይከተለዋል፣ በመሃላቸው ያለው ቀጭን ክፍተት ነው ፊልሙን ከዳር እስከ ዳር እየጠረገ የሚያልፈው። ዜኒት ፍላሽ ሲገጠምለት 30 ላይ አድርጉ የሚባለውም ለዚህ ነው፣ ከዛ በላይ ሲሆን መስኮቱ ሙሉ ተከፍቶ የሚቆይበት ቅጽበት የለም። እና ሁለቱ መጋረጃዎች እኩል ካልሮጡ ክፍተቱ እየሰፋ ወይ እየጠበበ ይሄዳል፣ ፎቶው ላይ ሰማዩ ባንድ በኩል ጠቆር ብሎ የምታዩት እሱ ነው፣ ሌንሱን አትርገሙ።

ይሄን በዓይን ለማየት ጀርባው የወጣው የድሮ ቲቪ የመሰለ ነገር የለም፣ እናቶቻችን ጨርቅ አልብሰው ያስቀመጡት ካለ አሁን ነው ጊዜው። ሌንሱን ፍቱ፣ የካሜራውን ጀርባ ክፈቱ፣ ስክሪኑ ፊት አስጠግታችሁ በኋላ በኩል እያያችሁ ተኩሱ። እኛ ጋ ያለው የቲቪ ሥርዓት ፓል የሚባለው ነው፣ ቲቪው ስክሪኑን ከላይ እስከ ታች ለመሳል የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ይፈጅበታል፣ ማለት 20 ሚሊሰከንድ። 500 ማለት ደግሞ 2 ሚሊሰከንድ ነው፣ ስለዚህ የምታዩት የብርሃን ቀበቶ ቁመቱ የስክሪኑ አንድ አስረኛ አካባቢ መሆን አለበት፣ 250 ላይ አንድ አምስተኛ ይሆናል። እንደ ዜኒት መጋረጃው ወደ ጎን የሚሮጥ ከሆነ ቀበቶው አግድም ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ነው የሚታያችሁ፣ እንዳትደነግጡ። ዋናው ነገር ባንድ ጫፍ ወፍሮ በሌላው ከቀጠነ መጋረጃዎቹ እኩል እየሮጡ አይደለም። ጠፍጣፋው ቲቪ ለዚህ አይሆንም፣ እሱ መስመር በመስመር በጨረር አይስልም።

ትክክለኛ ቁጥር ከፈለጋችሁ ግን ፎቶትራንዚስተር ነው። ብርሃን ሲያርፍባት ኮረንቲ የምታሳልፍ፣ ሁለት እግር ያላት ትንሽ ነገር ናት፣ ኤሌክትሮኒክስ መለዋወጫ የሚሸጡ ጋ ጠይቁ፣ ከተበላሸ የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ውስጥም ትነቀላለች። ማይክ ያለው አሮጌ ኢርፎን ታመጡና ማይኩን ቆርጣችሁ በቦታው እሷን ትበይዳላችሁ፣ ጃኩን ላፕቶፕ ላይ ትሰኩና ኦዳሲቲ በሚባለው ነፃ ሶፍትዌር ልክ ድምፅ እንደምትቀዱ ትቀዳላችሁ። ለማይኩ የሚሄደው ትንሽ ኮረንቲ ለሷም ይበቃታል፣ ምንም ካልታያችሁ እግሮቹን አገላብጡ። ፊቷን በጥቁር ፕላስተር ሸፍናችሁ በመርፌ ብሱት፣ ከዛ ፊልሙ የሚቀመጥበት ቦታ ላይ አስጠግታችሁ ያዟት፣ በግራ፣ በመሃል፣ በቀኝ፣ ሶስቱንም ለኩ።

ብርሃኑ ላይ ተጠንቀቁ። የቤት መብራት ብዙ ጊዜ በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል፣ ዓይናችሁ ባያየውም ግራፉን ማዕበል ያደርግባችኋል። ደግሞ ሴንሰሯ ጥቁር ከሆነች በዓይን የሚታየውን ብርሃን አታስገባም፣ ነጭ የኤልኢዲ ባትሪ ብታበሩባት ዝም ነው የምትላችሁ። ፀሐይ ለሁሉም ትሆናለች፣ መብራት ሄደ መጣ ጣጣ የለም፣ ላፕቶፑ ቻርጅ ይኑረው እንጂ። ሌንስ አድርጋችሁ ወደ ፀሐይ እንዳታዞሩ ብቻ አደራ፣ የጨርቅ መጋረጃ ይቃጠላል።

ግራፉ ላይ ሻተሩ ሲከፈት መስመሩ ወደ አንድ በኩል ይዘላል፣ ሲዘጋ ወደ ሌላው። ከአንዱ ዝላይ አጋማሽ እስከ ሌላው አጋማሽ ያለውን ሰዓት ታነባላችሁ። ላፕቶፑ በሰከንድ 44,100 ነጥብ ስለሚቀዳ 500 ላይ እንኳን 88 ነጥብ አላችሁ፣ ከበቂ በላይ ነው። 0.0031 ሰከንድ ካነበባችሁ 1ን ለሱ ማካፈል ነው፣ 320 አካባቢ ይመጣል፣ ከ500 ሁለት ሶስተኛ ስቶፕ ዘግይቷል ማለት ነው። አንድ ሶስተኛ ስቶፕ ድረስ ከሆነ እኔ በበኩሌ ዞር ብዬም አላየውም። በነገራችን ላይ 60 የሚባለው ሲሰላ 64 ነው፣ 500ም 512፣ እዛች ላይ አትጨቃጨቁ።

ብርዱንም አትርሱ። ህዳርና ታህሳስ ከዚህ እስከ ሰንዳፋ ያለውን የጠዋት ውርጭ ታውቁታላችሁ፣ የደረቀ ቅባት በብርድ ይብሳል፣ ጠዋትም እኩለ ቀንም ለክታችሁ አወዳድሩ። ደጋግማችሁ ስትተኩሱ ቁጥሩ እየፈጠነ ከመጣ ጥፋቱ የቅባት ነው፣ ባለሙያ አጥቦ ይቀባዋል። እናንተ ግን በመርፌ ዘይት ጠብ እንዳታደርጉበት፣ መጋረጃው ላይ ከደረሰ የባሰ ነው። ሲያልቅ ውጤቱን በትንሽ ወረቀት ጽፋችሁ ካሜራው ሆድ ላይ ለጥፉ፣ 500 = 320፣ 250 = 220 እያላችሁ፣ ከሳምንታት በኋላ የሚያስታውስ የለም።

እዛ በረንዳው ላይ ላፕቶፕና ሴንሰር ተዘጋጅቷል፣ ፀሐይዋም ወጥታለች። ዜኒት የያዛችሁ ቅደሙ፣ ከ500 እንጀምራለን። ፊልም ያለበት ካሜራ የያዘ ግን ጀርባውን እንዳይከፍት፣ ፊልሙን ሲጨርስ ይምጣ።